ካብህን አላፈረስኩም

ሰኔ ዐሥራ ሁለት፣ የሚካኤል ዕለት። ጠዋት ጉም ወርዶ ነበር፤ ረፋዱ ላይ ገለጠ፤ አሁን ከምሳ በኋላ ደግሞ በዓባይ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ቤት ያለነው እኔና ልጅህ ትዕግሥት ነን። እሷ ለበዓሉ ብላ ትናንት ከሞጣ መጥታለች። ወንድምህ አለምነህም እስከ ምሳ አብሮን ነበር፤ ጠላውን ሳይጨርስ ተቆጥቶ ወጣ።

ጥላዬ፣

ደብዳቤ ሲጀመር የተቀባዩ ጤና ይጠየቃል። ያንተን ጠይቄ መልስ ስለማላገኝ የራሴን ልንገርህ፤ ደህና ነኝ። ከተለያየን አራት ክረምት አለፈ፤ አምስተኛው ዛሬ ነገ እያለ ነው። መቃብርህ ላይ ቆሜ ብዙ አልቅሼልሃለሁ። ዛሬ ግን የምጽፍልህ ለልቅሶ አይደለም። ኮርቻለሁ። ይህን ኩራት ደግሞ ለማን ብነግረው ግማሹን ነው የሚረዳልኝ፤ ሙሉውን የምታውቀው አንተ ነህ።

ቤታችን ብዙ ነገር ተለውጧል። መብራት ገብቶልናል። ምሰሶውን ሊተክሉ ሲመጡ አንተ ያሳደግከውን ወይራ ሊቆርጡት ነበር፤ አለምነህ ግንዱን አቅፎ ቆመና ቅርንጫፉን ብቻ አስመለመላቸው። ትዕግሥት ትምህርቷን ጨርሳ ሞጣ አስተማሪ ሆናለች። ሒሳብ ነው የምታስተምረው፤ ስትቆጣ ግንባሯን የምትቋጥረው ልክ እንዳንተ ነው። ቡሬ በሬህ ቀንበር ከተወ ቆየ። ለሥጋ ስጪን ያሉኝ ነበሩ፤ አልሰጠሁም። ደጅ ተኝቶ ያመሰኳል፤ ጡረታ ወጥቷል እላለሁ።

እኔም ተለውጫለሁ። ድንጋይ ቆራጭ ሆኛለሁ። አትሳቅ፤ ከሥሩ ልንገርህ።

አፋፉ ላይ ያለው ማሳ በዕጣ ሲደርሰን ሰው ሁሉ እንዴት እንዳዘነልን ታስታውሳለህ። ላዩ ቁልቁለት፣ ሥሩ ገደል። አፈሩ በየክረምቱ ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ የሚቀርልን ጥቁር ድንጋይ ነው። አንተ ግን አላማረርክም። በበጋ ሌላው ከሰርግ ሰርግ ሲዞር አንተ ድንጋይ ትለቅማለህ፣ ትክባለህ። በእርከን ሥራ ዘመቻ ጊዜ ሰው ሁሉ ከኛ ጋር ይወጣ ነበር፤ ዘመቻው ሲያልቅ ሁሉም አካፋውን ተሸክሞ ይገባል፣ አንተ ትቀራለህ። «ድንጋይ አራሹ» የሚል ስም አወጡልህ። ብቸና ገበያ ስንወርድ እንኳ «ጥላሁን፣ ዘንድሮ ድንጋዩ ስንት ኩንታል ሰጠ?» ይሉህ ነበር። አንተ ደግሞ ፊትህን ሳታጠቁር «ገና እሸት ነው፤ ሲደርስ እጠራችኋለሁ» ትላቸዋለህ። እኔ ከኋላህ ሆኜ አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ እስቃለሁ፤ ውስጤ ግን ይናደድ ነበር።

ጥላዬ፣ ድንጋዩ ደርሷል።

ያን ጊዜ አቀባይህ እኔ ነበርኩ። አንድ ድንጋይ ሳቀብልህ ወዲያው አታስቀምጠውም፤ እጅህ ላይ ታገላብጠዋለህ፣ ከዚያ ጎን ከዚህ ጎን ታየዋለህ። «ድንጋይም ፊት አለው፤ ፊቱን ሳታገኚ ብታስቀምጪው ይኮርፋል» አልከኝ አንድ ቀን። ሲኮርፍ ምን ይሆናል ብዬ ስጠይቅህ «እንዳንቺው ነው፤ አይናገርም፣ ተነሥቶ ይሄዳል» ብለህ አሳቅኸኝ። በማሳው መሐል የነበረውን ያን ትልቁን ቋጥኝ ደግሞ «አማቴ» ነበር የምትለው፤ በሬዎቹን ይዘህ ስትደርስበት በአክብሮት ዞረህ ስለምታልፈው። እናቴ ስትሰማህ ምን እንዳለችህ አልጽፈውም።

ያ ሁሉ ጥቁር ድንጋይ፣ እጅ የሚያቆሽሸው፣ ከድስት ቂጥ የተፋቀ ጥላሸት የመሰለው፣ ውስጡ ሌላ ኖሯል።

ባለፈው ነሐሴ ከላይ ካሉት ማሳዎች የተሰበሰበ ጎርፍ መጥቶ የካብህን ጫፍ መታው። ካቡ ቆመ፤ ጫፉ ላይ ካሉት ድንጋዮች ግን ጥቂቶቹ ተፈነቀሉና አንዱ ቁልቁል ተንከባሎ ዐለት ላይ ለሁለት ተሰነጠቀ። ላነሣው ወረድኩ። ውጩ ያው የምናውቀው ጥቁር ነው። ውስጡ እንደ ሕፃን ድድ ሮዝ ነው። በሮዙ ላይ ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ይሄዱበታል፤ ጸሐፊ ብዕሩን ብራና ላይ የሞከረ ይመስላል። ምራቄን እንትፍ ብዬ በአውራ ጣቴ አሸሁት፤ ይበልጥ ቀላ። «ጥላዬ፣ ና እይ!» አልኩ ጮክ ብዬ። ደግነቱ በአካባቢው ሰው አልነበረም።

የተፈነቀሉትን ድንጋዮች ለቅሜ ጫፉን በራሴ እጅ መልሼ ካብኩት። ቀኑን ሙሉ ፈጀብኝ። ድንጋይ አንሥቼ ሳገላብጥ አንተ ከኋላዬ ቆመህ የምታይ ይመስለኝ ነበር። የተሰነጠቀውን ግን ቤት አመጣሁት።

ትዕግሥት አንዱን ግማሽ ሞጣ ወሰደችው። ትምህርት ቤታቸው ውስጥ ኬሚስትሪ የሚያስተምር ጀማል የሚባል የወሎ ልጅ አለ፤ ረጋ ያለ፣ ሰው አክባሪ። ድንጋዩን አይቶ ሮዶናይት ሳይሆን አይቀርም አለ፤ ግን በግምት አላለፈውም፣ ለሚመረምሩ ሰዎች ላከው። እነሱም ነው አሉ። ጥቁሩ ሌላ ነገር አይደለም፤ ያው ሮዙ ራሱ አየርና ዝናብ ሲያገኘው በዘመን ብዛት የሚያወጣው ቅርፊት ነው። በሌላ አገር ቀለበትና የአንገት ጌጥ ያደርጉታል አሉ። መሬቱ በስማችን ቢሆንም ከውስጡ የሚወጣው በፈቃድ ነው ስለተባልን፣ ትዕግሥት ወረዳ ተመላልሳ ፈቃዱን አወጣችልን። አለምነህ ግን ሮዶናይት የሚለው ስም አፉ አልገባለትም፤ እስከ ዛሬ «የጥላሁን ሮዝ» ነው የሚለው። እኔም ወድጄዋለሁ።

አሁን የምነግርህን ስትሰማ ታዝናለህ፤ ወይም ሆድህን ይዘህ ትስቃለህ። ሳስበው የምትስቅ ይመስለኛል። አማትህን አቃጠልናት።

ትልቅ ቋጥኝ ከማሳ ሲነሣ እንዴት እንደሚደረግ ታውቃለህ። እሳት ይነድበታል፣ ሲግል ቀዝቃዛ ውሃ ይደፋበታል፣ ይፈነዳል። አባቶቻችን እንዲህ ነው የሠሩት፤ እኛም ከዚህ ሌላ አናውቅም። ውስጧ ምን ያህል ሮዝ ይኖር ይሆን እያልን ጓጉተን፣ አለምነህ የባሕር ዛፍ ግንድ ደረደረ፣ እኔ ኩበት አመጣሁ። ከጠዋት ጀምሮ አነደድናት። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ በእንስራ የቀዳሁትን ውሃ ደፋንባት። ጧ! ብላ ስትፈነዳ ከማዶ ያሉ እረኞች አጨበጨቡ። ሮጠን ሄድን። ሮዝ የለም። እንደ አረረ ዳቦ ጠቁራለች፤ በጣት ሲነኳት ትፈረፈራለች። ይህ ድንጋይ እሳት ሲያገኘው ያ ሁሉ ዘመን ውጩ ላይ ያወጣውን ጥቁረት በአንድ ቀን ወደ ውስጡ ይጨርሰዋል ለካ። አለምነህ ራሱን ይዞ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «እታለም፣ ምን በወጣት አቃጠልናት?» አለኝ። እኔ ሄጄ መሐሏን ፈነቃቀልኩ። ከልቧ ጭብጥ ጭብጥ የሚያክሉ ጥቂት ቁራጮች ተርፈው አገኘሁ፤ በነጠላዬ ቋጥሬ ገባሁ።

ትዕግሥት ለጀማል በስልክ ስትነግረው «እሳት አይወድም፤ ውሃና ጊዜ ነው የሚወደው» አለ። ይህችን ነገር ያዝኳት።

እንግዲህ ከአማትህ ሌላ ደህናው ድንጋይ ሁሉ ያለው ካብህ ውስጥ ነው። ነገሩ የመጣው ከዚህ ነው።

መጋቢት ላይ ከባሕር ዳር አንድ ነጋዴ መጣ። ወሬ ሰምቶ ነው። የተቃጠለውን ቋጥኝ ዞር ብሎ እንኳ አላየውም፤ ዓይኑን ካቡ ላይ ጣለው። በመዶሻ ጫፍ አንዱን ድንጋይ ነካ አድርጎ ቅርፊቱን አነሣ፣ ሌላውን ነካ አደረገ፣ ከዚያ ካቡን ከዳር እስከ ዳር በዓይኑ ለካው። «እናቴ፣ ይኼ ሁሉ እሱ ነው?» አለ። ክረምት ሳይገባ በአይሱዙ መጥቼ አፍርሼ ጠቅላላውን እጭናለሁ፣ ጉልበቱም መኪናውም ከኔ ነው አለ። አለምነህ ደስታው ወሰን አጣ። «እታለም፣ ወንድሜ እኮ ባንክ ነው የሠራልሽ! ካብ ነው፤ ካብ ይፈርሳል፣ ካብ ይካባል» አለ። ትዕግሥትም ወደሱ አደላች። «እማዬ፣ አርፈሽ ትቀመጫለሽ» አለችኝ።

በልቤ ብዙ ነገር አልኩ። ይካባል፤ በምን ድንጋይ? በማን እጅ? ካቡ በአንድ ክረምት ከተነሣ አፈሩ በዚያው ክረምት ዓባይ ይገባል፤ አንተ ዕድሜህን ሙሉ ያቆምከው አፈር። እኔ ግን እንደምታውቀኝ ነኝ፤ ነገር ሲበዛ አፌ ይያዛል። ዝም አልኩ። ዝምታዬን እሺታ አደረጉት። ነጋዴው «እንግዲያው ለሰኔ ሚካኤል» ብሎ ሄደ።

ከመሄዱ በፊት አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት፤ ወስደህ ምን ታደርገዋለህ አልኩት። «ይቆረጣል፣ ይፈጫል፣ ይለሰልሳል፤ እሱ ሩቅ ነው እናቴ፣ ማሽን አለው፣ ባለሙያ አለው» አለኝ። ይፈጫል የሚለው ጆሮዬ ላይ ቀረ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የፈጨሁ ሰው ነኝ።

ወፍጮ ቤት ከተከፈተ ወዲህ ከጓሮ ተጥሎ ዶሮ ውሃ የሚጠጣበትን የድንጋይ ወፍጮዬን አጠብኩ። ከወንዝ አሸዋ አመጣሁ፤ ሻካራውን በወንፊት ለየሁ፣ ደቃቁን በውሃ እያማሰልኩ አዘቀጥኩ፣ ከሱም ደቃቁን እንደገና አዘቀጥኩ። ከአማትህ ልብ ከተረፉት አንዱን ያዝኩና ወፍጮው ላይ በአሸዋና በውሃ ማሸት ጀመርኩ። ጤፍ ስትፈጭ ክንድ ነው የሚደክመው፤ ይህ ጣት ይበላል። ብዙ ቀን ከድንጋዩ ይልቅ ጥፍሬ ነው ያለቀው። ጎረቤቶቼ «የሺ፣ ዛሬ ስንት ቁና ፈጨሽ?» ይሉኛል። ያንተን መልስ ልሰጣቸው እልና ምላሴ ላይ ይቀራል።

አንድ ቀን ጠዋት ድንጋዩን አጥቤ ፀሐይ ላይ ሳዞረው አንዱ ጎኑ አበራ። ትንሽ ናት፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ቦታ። እኔ ግን ቆሜ እልል አልኩ። ቡሬ ማመስኳቱን አቁሞ አየኝ።

ከዚያ በኋላ ሰው ይረዳኝ ጀመር። ትዕግሥት የብርጭቆ ወረቀት ከሻካራ እስከ ለስላሳ፣ ሴራሚክ የሚቆረጥበት ዲስክም ይዛልኝ መጣች። አለምነህ ደግሞ፣ ያ ካቡ ይሸጥ ብሎ የሚጨቀጭቀኝ አለምነህ፣ ብቸና ወርዶ የተጣለ የልብስ ስፌት መኪና እግር ገዛልኝ፤ ብረት ሠሪ ዘንድ ወስዶ ዲስኩን አስገጠመልኝ። በእግሬ ስረግጠው ይዞራል። ከላይ ውሃ የሞላ ሃይላንድ ሰቅዬ ሥሩን በመርፌ በስቼዋለሁ፤ ዲስኩ ላይ ይንጠባጠባል። አቧራው ሳንባ ይጎዳል ብሎ ጀማል ስላስጠነቀቀኝ በደረቁ ፈጽሞ አልቆርጥም፤ አፌንም በጨርቅ አስራለሁ። የመጨረሻውን ልስላሴ በበግ ቆዳ ላይ፣ ጀማል ባገኘልኝ የመስታወት ማጥሪያ ዱቄት አወጣዋለሁ።

ፊደል እንዴት እንዳስለመድከኝ ታስታውሳለህ? ስኳርና ጨው የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳትጨማድድ ኪስህ ከተህ ታመጣልኝ ነበር። ወሬው መጀመሪያው ሌላ ቤት ሄዷል፣ መጨረሻው ዘይት ጠጥቷል። የጎደለውን እኔና አንተ ከራሳችን እየሞላን፣ ያልሞተውን ገድለን የሞተውን አስነሥተን እንስቅ ነበር። ይህንንም ሥራ የተማርኩት በዚያው መንገድ ነው። አንዱን ከጀማል፣ አንዱን ከትዕግሥት ስልክ፣ አንዱን ከራሴ ወፍጮ፤ የጎደለውን ደግሞ ከራሴ ሞላሁት። ያንተን ነገር ግን ከሁሉ ቀድሜ ነው የማደርገው፤ ዲስኩ ላይ ከማስጠጋቴ በፊት ድንጋዩን አገላብጣለሁ። ፊቱን ሳላገኝ አልቆርጥም። ከጀማልም ከስልኩም ያልሰማሁት ይህ ነው፤ ከዚህ ወዲህ አንድም አልተሰበረብኝም ብልህ እዋሻለሁ፤ ቢሆንም የሚሰበረው እጅግ አንሷል።

የመጀመሪያዋ ደህና ድንጋይ ሞላላ ናት። መሐሏን ጥቁር መስመር ያቋርጣታል፤ ከላዩና ከሥሩ ሮዝ። ትዕግሥት አይታ «አባዬ ካቡን ሲሠራ ከማዶ የሚታየው እንደዚህ ነበር» አለች። እውነቷን ነው። ሞጣ ያለ አንጥረኛ በብር ከቦ የአንገት ጌጥ አደረጋት፤ ሚያዝያ ላይ አንዲት ሙሽራ አደረገቻት። ሙሽራዋን ያዩ ደግሞ አንጥረኛውን ያዙት፤ እሱም ለትዕግሥት «እናትሽን ቶሎ በያት» እያለ ይልክብኛል። እኔ ቶሎ አልልም። ይህ ድንጋይ ቶሎን አይወድም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ግን ካቡን አልሸጥም ብዬ በአፌ ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ዛሬ ሚካኤል ሆነ። ቤተ ክርስቲያን ሄደን ስንመለስ አይሱዙው ደጃችን ቆሟል፤ ዲጂኖ የያዙ ሠራተኞች ላዩ ላይ ተቀምጠዋል። በዓል ነውና ግቡ ብዬ ምሳ አበላኋቸው። ምሳው ሲያልቅ ተነሥቼ ሁለት ነገር አምጥቼ ነጋዴው ፊት አስቀመጥኩ፤ አንዱ ጥቁሩ ድንጋይ እንዳለ፣ አንዱ የቆረጥኩት። «ካቡ አይሸጥም። እንዲህ ሆኖ ሲያልቅ ከፈለግህ ግን ከኔ ትገዛለህ» አልኩት። ድምፄ ተሰበረ፤ ግን ወጣ። ትዕግሥት ጆሮዋን ያላመነች ይመስል ፈጥጣ አየችኝ።

ነጋዴው የቆረጥኩትን አንሥቶ ወደ በሩ ብርሃን አዞረው። ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ ሳቅ ብሎ «እናቴ፣ ባለቤትዎ ቢኖሩ ኖሮ እሺ ይሉኝ ነበር» አለ።

ይህን ባይል ዝም እል ነበር። «እሱ ቢኖርማ ፊትህን እስኪያገኝ ያገላብጥህ ነበር» አልኩት።

ሠራተኞቹ ጠላው እስኪተናነቃቸው ሳቁ። እሱ ራሱ ሳቀ፤ ክፉ ሰው አይደለም። «እሺ፣ የተቆረጠውስ መቼ ይደርሳል?» አለኝ። አሁን ምን እንዳልኩት ሳልነግርህ ታውቀዋለህ። «ገና እሸት ነው፤ ሲደርስ እጠራሃለሁ» አልኩት።

አይሱዙው ባዶውን ተመለሰ። አለምነህ ተነሣ። «እታለም፣ ቤት ድረስ የመጣ ሲሳይ በእግር አይገፋም። ባዶ መኪና ደጅሽ ዞሮ ሲሄድ አየሁ። እንግዲህ ካብሽን ታቅፈሽ ኑሪ!» ብሎኝ ወጣ። ቁጣው ለኔ አስቦ ነው፤ አውቃለሁ። ጠላው እዚሁ ፊቴ አለ።

ዝናቡ ጀመረ። ልጽፍ አልቻልኩም፤ ቆይቼ እመለሳለሁ።

ተመልሻለሁ። ገና አልመሸም። እንዲህ ያለ ዝናብ ከባለፈው ነሐሴ ወዲህ አላየሁም፤ በረዶም ነበረበት፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እኔና ትዕግሥት እየተያየን መነጋገር አቃተን። ከላይ ካሉት ማሳዎች የሚወርደው ጎርፍ ድምፁ እዚህ ድረስ ይሰማል። እኔ የማስበው ያንን ጫፍ ብቻ ነበር። ያንተን ክፍል አልፈራሁለትም። ባለፈው ዓመት እኔ የካብኩት ያ ጫፍ ከሄደ ግን ውሃው በዚያ ገብቶ ከኋላ ያንተንም ይበላዋል። ዛሬ፣ መኪናውን በመለስኩበት ቀን፣ ካቡ ቢፈርስ አለምነህን በምን ዓይኔ አየዋለሁ? ትዕግሥት ልሂድና ልይ አለች፤ ከለከልኳት። ጎርፍ የሚታየው ሲያልፍ ነው።

ዝናቡ አባርቶ እንደጨረሰ በሩ ተንኳኳ። አለምነህ ነው። ከራሱ እስከ እግሩ ውሃ ይወርደዋል፣ ጭቃው እስከ ጉልበቱ ደርሷል። አልገባም፤ ደፉ ላይ ቆሞ አየኝ።

«ይዟል» አለ።

«ካቡ?» አልኩት።

«እንዲፈርስ ተመኝቼ ነበር የሄድኩት፣ ሚካኤል ምስክሬ ነው። ውሃው መጣ፣ ካቡ ላይ ተኛ፣ ከዚያ በድንጋዮቹ መሐል ንጹሕ ሆኖ ወጣ። አፈሩን ከላይ ማሳው ላይ ተወው። ያንቺን ጫፍ ፈለግኩ፤ የቱ ጋ ከጥላሁን እንደሚለይ አጣሁት።»

ጥላዬ፣ እንዲህ ነው ያለው። ቃሉን አልጨመርኩበትም። የቱ ጋ ከጥላሁን እንደሚለይ አጣሁት።

ነጠላዬን አውልቄ ራሱን አደረቅኩለት፤ ጠላውንም ሰጠሁት። ሲጠጣ «ታዲያ ከዚህ በኋላ ከየት ነው የምትቆርጪው? የጥላሁን አማት ልብ አልቋል» አለኝ። ያሰብኩትን ነገርኩት። ከካቡ እወስዳለሁ፤ ግን አንድ ከላይኛው ረድፍ ሳወጣ፣ በዚያው ሰዓት በቦታው ሌላ እተካለሁ። ያልተተካ ድንጋይ ከዚያ ካብ አይወጣም፣ እኔ በሕይወት እያለሁ። ከኔ በኋላ ደግሞ ትዕግሥት ቃሉን ሰምታለች። ያንተን ድንጋይ ሰው አንገቱ ላይ ያደርገዋል፤ ካብህ ግን እንደቆመ ይኖራል። መቃብርህ ላይ ሐውልት ላቆምልህ ስል ነበር የኖርኩት፤ ለካ ራስህ አቁመኸው ሄደሃል፤ የኔ ሥራ መጠበቅ ብቻ ነው።

አለምነህ ጠላውን ጨረሰና «የምትተኪውን እኔ ከወንዝ አመጣልሻለሁ፤ ያንቺ ወገብ አይችልም» አለ። ከዚያ ሲወጣ ዞሮ «ግን እሳት አናነድም» አለኝ። ሦስታችንም ሳቅን። አንተም የሳቅህ መሰለኝ።

ሰኔ ዐሥራ ሦስት፣ ጠዋት። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ከዓባይ ማዶ ያሉት ተራሮች ቅርብ መስለዋል።

ለቡሬ ገለባ ሰጥቼ ወደ አፋፉ ወረድኩ። አለምነህ ቀድሞኝ ደርሷል፤ ከወንዝ ያመጣውን ግራጫ ድንጋይ ካቡ ሥር አስቀምጦ ላዩ ላይ ተቀምጧል። ከላይኛው ረድፍ፣ አንተ በመጨረሻው በጋህ ከካብኸው በኩል፣ አንዱን ጥቁር ድንጋይ በሁለት እጄ ነቅንቄ አወጣሁት። ቦታው ክፍት ሆነ። የወንዙን ድንጋይ ተቀበልኩና አገላበጥኩት። አለምነህ «ምን ታያለሽ?» አለኝ፤ ፊቱን አልኩት። አገኘሁት፣ አስቀመጥኩት፣ በቡጢዬ መታ መታ አደረግኩት። አልነቃነቅም አለ። ያንተን ድንጋይ በነጠላዬ አዝዬ ሽቅብ ወጣሁ። ከቤት ደርሼ አጠብኩት፤ እጄ ጠቆረ። አፌን በጨርቅ አሰርኩ፣ ሃይላንዱን ሞላሁ፣ ከስፌት መኪናው እግር ፊት ተቀመጥኩ። ድንጋይህን ወደ ብርሃኑ አዞርኩት፣ እንደገናም አዞርኩት። ውሃው መንጠባጠብ ሲጀምር እግሬን መርገጫው ላይ አሳረፍኩ።